ግቢው የማን ነው?

ለፋሲካ ቤት መጥረግ የማታውቅ የቤተ እስራኤል እናት የለችም። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በናታንያ መሀል ከተማ ባሉት ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ምንጣፉ ይራገፋል፣ ግድግዳው ይታጠባል፣ የቁም ሣጥኑ ዕቃ ወጥቶ ይመለሳል። የማጠቢያው ውሃ በደረጃው ወርዶ ታች ሲደርስ ግን ሥራው እዚያው ይቆማል። በሕንፃው ግድግዳና በአጥሩ መካከል ያለችው መሬት ማንም የማይነካት ሆና ትቀራለች። የተሰበረ ወንበር፣ የፌስታል ክምር፣ ግንበኛ ከስንት ዓመት በፊት ጥሎት የሄደው የሲሚንቶ ፍርስራሽ ይኖርባታል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህች መሬት የማን ናት? መልሱንም ሳላደባብስ ከወዲሁ ልናገር። የእኛም ናት።

አንዳንድ የትግል ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩ አውቃለሁ። በ2015 እና በ2019 በፖሊስ በደል ምክንያት አደባባይ የወጣ ሕዝብ፣ ዘመዶቹ ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ የሚጠብቁ ሕዝብ፣ ስለ ጎመንና ስለ ቃሪያ መደብ የሚነጋገርበት ጊዜ አለው ወይ ይሉኛል። አለው። ከመሬት ጋር ያለን ሂሳብ ረጅም ነውና፣ ከዚያ ልጀምር።

አባቶቻችን ሲተርኩ እንደሰማነው፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም እንደሚያወሱት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ይስሐቅ ጦርነቱን ካሸነፉ በኋላ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትውልድ የሰው መሬት በእርቦ ወይም በእኩል እያረሰ ኖረ። ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ ሠራ፤ ሴቷ ጀበናና ድስት ሠራች። ማረሻው የእኛ እጅ ሥራ ነበር፤ የሚያርሰው መሬት ግን የሌላ ነበር። በዚያ ላይ «ቡዳ» የሚለው ስም ተጨመረልን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1975፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ የሚለው አዋጅ ወጣ። በሕጉ መሠረት አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ ሊሰጠው ይችል ነበር። በተግባር የደረሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ባለ መሬቶችም ዝም ብለው አላዩም። ቢሆንም ብዙዎቹ አባቶቻችን ለጌታ ሳያካፍሉ ያረሱት ያን ጊዜ ነው። ይህም አልቆየም። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል የሙሴ ዘመቻ መጣ፤ ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አነሣ። መሬቱ እዚያ ቀረ። ያዘነበት ሰው የለም፤ የመጣነው ወደ አባቶቻችን ርስት ነውና።

እዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሆቴልና መርካዝ ክሊታ፣ ቀጥሎ የካራቫን ሰፈር ሆነ። በ1993 ያኢር ጻባን የክሊታ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ልዩ ማሽካንታ ተሰጠ፤ ከፍ ያለው ክፍል የማይመለስ ስጦታ ሆኖ፣ ቤቱም በተመረጡ ከተሞች እንዲገዛ ተደርጎ። ናታንያ ብዙ ቤተሰብ ከገዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዚያ ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ በአሮጌ ሽኩና ያለ አሮጌ ቤት ነበር። ስለዚህ በሔፍጺባም ሆነ ከሄርጽል መንገድ ጀርባ ባሉት ሕንፃዎች ገባን። ስለ ማሽካንታው ክፉም ደግም ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ግን ያን ጊዜ ያስረዳን አልነበረም። አባቶቻችን በጣት አሻራም በፊርማም በተቀበሉት ወረቀት ላይ ከሦስት ክፍል ቤት ሌላ የተጻፈ ነገር ነበረ።

ታቡ የሚባለውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታችሁ ተመልከቱት። በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ፣ በዕብራይስጥ ሖክ ሃመካርከዒን የሚሉት፣ ስለ ጋራ ሕንፃ በግልጽ ይናገራል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለአንድ ቤት ተለይቶ ያልተመዘገበ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ደረጃው፣ ጣራው፣ ሕንፃው የቆመበትና በዙሪያው ያለው መሬት፣ የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። እያንዳንዱም ባለቤት በውስጡ ድርሻ አለው፤ ድርሻውም በወረቀቱ ላይ በቁጥር ተጽፏል። እንግዲህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ርስት የተነፈገ ሕዝብ፣ በስሙ የተመዘገበች የመሬት ድርሻ በመሳቢያው ይዞ ነው «እባክዎ ትንሽ ጤና አዳም ልትከል?» እያለ ጎረቤቱን የሚለማመጠው። ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ።

ሕጉ ሌላም ገጽ አለው፤ እርሱንም ሳልደብቅ ልናገር። የጋራ ንብረትን አንድ ሰው ብቻውን አጥሮ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። አንዳንድ ሕንፃ ላይ ግቢው ከምድር ቤቱ ጋር ተያይዞ የተመዘገበ ስለሚሆን፣ ሳታጣሩ ዶማ አታንሡ። ተከራይ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በዓሚዳር ቤት የሚኖር፣ የቤቱን ባለቤት ድርጅት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ባለቤቶች ግን በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ስብሰባ የማድረግ ሥርዓት አላቸው፤ የራሳቸው የተለየ ደንብ ካላጸደቁ በቀር በሕጉ ላይ የተጻፈው ደንብ እንዲህ ያዛል። ግቢው ምን ይሁንበት የሚባለው እዚያ ነው። የቫዓድ ባይቱ ሊቀ መንበር ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። አለመግባባት ሲደርስም በታቡ ጽሕፈት ቤት በኩል መፋቄያሕ የሚባል ዳኛ አለ፤ የጋራ ሕንፃ ሰዎችን ክርክር የሚሰማ።

ባለፈው ፀደይ እዚሁ መሀል ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። የመንገዱንም የሰዉንም ስም አልጠራም። ከሰባ ዓመት ያለፉ አንዲት እናት ሁለት ሜትር በአራት ሜትር በምትሆን ቦታ ጎመን፣ ጤና አዳምና ጥቂት ቃሪያ ተክለው ነበር። ፍርስራሹን በባልዲ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጧት ቫዓድ ባይቱ የቀጠረው ሰው መጥቶ መድኃኒት ረጨበት፤ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ሄጄ ጠየቅሁ። «ሥርዓት አልነበረውም፣ ግቢው የሁሉም ነው» ተባልኩ። በየትኛው ስብሰባ ተወሰነ ብል፣ በዚያ ሕንፃ ለአራት ዓመት ስብሰባ ተደርጎ አያውቅም። ልጃቸው በየወሩ የቫዓድ ክፍያ ይከፍላል፤ መርጫው መድኃኒት የተገዛውም ከዚያው ገንዘብ ነው። እናቲቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ላይ ወጡ። ዘንድሮ አልተከሉም።

«የሁሉም ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ማለት ሲሆን፣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ እናውቃለን። መኪናውን ሣሩ ላይ የሚያቆመው ሰው አይነካም። የልጅ ልጁን ብስክሌት፣ የድሮውን ማቀዝቀዣ የሚያከማቸው አይነካም። ጎመን የተከሉት እናት ናቸው ሥርዓት ያጠፉት።

ሌላም የሚያስቆጣኝ አለ፤ እርሱ ደግሞ ከወዳጅ የሚመጣ ነው። ለሽማግሌዎቻችን አትክልት ቦታ ሲሰጥ፣ ብዙ ጊዜ ስሙ «ጊና ጢፑሊት» ነው፣ ለሕክምና የሚሆን አትክልት ቦታ። ገንዘቡ ከውጭ ለጋሽ ይመጣል፤ አስተማሪ ይቀጠራል፤ አስተማሪዋም ሠላሳ ዓመት በሬ ጠምደው ላረሱ ሰው ዘር እንዴት እንደሚዘራ ታሳያለች። ፎቶግራፍ ይነሣል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ፕሮጀክቱ ያልቃል፤ ቧንቧው ይዘጋል። መልካም የተሠራ የለም አልልም። በቤር ሼባ በካሊሸር መርካዝ ክሊታ አጠገብ በ2000ዎቹ ዓመታት የተጀመረው እርሻ፣ ለየቤተሰቡ መደብ እየከፈለ የሰጠ፣ ሰዎቹም የራሳቸውን ዘር የዘሩበት ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በካሊሸር ሰው መሬት ተሰጠው፤ በሌላው ቦታ እንቅስቃሴ ተሰጠው። አባቶቻችን የታመሙት ሥራ ስለጠፋባቸው ከሆነ፣ ሥራውን መልሱላቸው፤ በሽተኛ ብላችሁ አትመዝግቧቸው።

ለእኛ ለልጆቹም አለኝ። «እማዬ፣ ሱፐር ሞልቶ የለም ወይ፣ ሰው ፊት ጎንበስ ብለሽ አትቆፍሪ» የምንል አለን። ኀፍረቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በዚህ አገር ኪቡጽ ውስጥ ሲቆፍር ፎቶግራፍ የተነሣ ሽማግሌ ሐሉጽ ይባላል፤ ምስሉ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እናታችሁ ስትቆፍር ለምን ኋላ ቀር ትባላለች? ናታንያ ራሷ በ1929 ስትመሠረት የብርቱካን እርሻ ይዛ ነው የተነሣችው። ሱፐሩም ቢሆን፣ ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ እርሻው ሠራተኛ ሲያጣ፣ በግንቦት 2024 ደግሞ ቱርክ ንግዱን ስታቋርጥ፣ የቲማቲም ዋጋ ምን እንደሆነ አይተናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ፤ ጊዜው እያለፈ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ዘመኑ መገልበጡ ነው። በጎንደር አገር ገበሬው በግንቦት መሬቱን አለስልሶ ሰኔን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ከሙቀቱ ወራት ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ዝናቡ ከብርድ ጋር ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይወርድና፣ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም መጨረሻ አንድ ጠብታ የለም ቢባል ይቀላል። «ክረምት» የሚለው ቃላችን ራሱ ሽማግሌዎቹን ያሳስታቸዋል። ስለዚህ የፀደይ መደብ የሚዘጋጀው የመጨረሻው ዝናብ መሬቱን እንዳረጠበው፣ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ አሸዋው ይደርቃል፤ ዶማውም ሳይሆን ልባችሁ ይሰለቻል።

አሸዋ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ባሕሩ የቀረበው የናታንያ መሬት የባሕር አሸዋ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ሲባል ሐምራ የሚሉት ቀይ አሸዋማ አፈር ይመጣል፤ ብርቱካኑ የበቀለው በእርሱ ላይ ነው። ሁለቱም ከምናውቀው ከጥቁሩ መረሬ ጋር አይገናኙም። መረሬ ውሃ ይዞ ያጨቀያል፤ አሸዋ ውሃውን ያስተላልፈዋል፣ ምግቡንም አብሮ ያጥበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ፕላስቲኩን፣ ሲሚንቶውን ልቀሙ። አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ከዚያ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አራት ጣት ያህል ከላይ አልብሱና ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ያልበሰበሰ ፍግ አታምጡ፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ለቫዓዱም ምክንያት ትሰጡታላችሁ። ችግኙ ከቆመ በኋላ መደቡን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ሸፍኑት።

ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቁ። እርጥበት ወደ ሰው ቤት ገባ የሚል ክስ እውነት ሊሆን ይችላልና ዕድሉን አትስጡት። የጋዝ ባሎኖቹን፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን አትዝጉ። ያደገ ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል።

ውሃውን በጎማ ማርከፍከፍ ይቅር። ይህች አገር ጠብታን፣ ቲፍቱፍን፣ ለዓለም ያስተማረች ናት፤ ኔታፊም በኪቡጽ ሐጼሪም የተቋቋመው በ1965 ነው። ለትንሽ መደብ የሚበቃ ቀጭን ቧንቧና ሰዓት ያለው መክፈቻ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአሸዋ ላይ ትንሽ ውሃ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ከንቱ ነው። ቧንቧው ከጋራ ቆጣሪ የሚጠጣ ከሆነ ግን ሂሳቡን የምትከፍሉበትን መንገድ አስቀድማችሁ ጻፉ። በዚህ ከተማ ካየኋቸው የግቢ ጠቦች ግማሹ የውሃ ሂሳብ ጠብ ነው።

ምን ይተከል? ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ዱባ፣ በቆሎ፣ በሶብላ አሁን ነው ጊዜያቸው። ብርዱ ከለቀቀ በኋላ በሶብላ ይወጣል፤ ቀደም ካላችሁ አፈር ውስጥ ይቀራል። ሐበሻ ጎመን የብርድ ልጅ ነው። ከሱኮት በኋላ የተዘራው አሁን ቅጠሉ ይቆረጣል፤ አዲስ የሚተክል ሰው ግን ጥላ ያዘጋጅለት፤ በሚያዝያና በግንቦት ሻራቩ ከምሥራቅ ሲነፍስ ችግኝ በአንድ ቀን ያቃጥላልና። ድንብላል ሙቀት ሲነካው ቅጠል ሳይሰጥ ወደ አበባ ይሮጣል። አብሽና ነጭ ሽንኩርት ዛሬ የሚተከሉ አይደሉም፤ ነጭ ሽንኩርቱን በሰግድ ሰሞን አስቡት። ጤና አዳም አሸዋውን ይወደዋል፤ ዘመዱ ፒጋም በዚህ አገር ተራራ ላይ በራሱ ይበቅላል። ሲቆርጡት ግን ጭማቂው ፀሐይ ላይ ቆዳ ስለሚያቃጥል ልጆች በባዶ እጅ አይንኩት። ጌሾ ቁጥቋጦ ሆኖ ዓመታት ስለሚቆም፣ እርሱን ለመትከል ከጎረቤት ጋር በጽሑፍ መስማማት ይሻላል። ዘሩንስ? ከአዲስ አበባ በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ይቅር፤ ያለ ፈቃድ ዘርና ችግኝ ማስገባት ክልክል ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። የጎመኑም የበሶብላውም ዘር በእናቶቻችን እጅ እዚሁ አለ። ሁለት ሦስት የጎመን እግር ሳይቆረጥ ይዘር፤ ፍሬው ሲደርቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ኦሪት የሚያስታውስ ሽማግሌ እንዳይቆጣኝ ልጨምር። ሽሚታው ከ2021 እስከ 2022 አልፏል፤ ቀጣዩ በ2028 መኸር ይገባል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚከለክል የለም። የፍሬ ዛፍ የተከለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ፍሬ አይበላም። ዳሩን ለድኻና ለመጻተኛ ተው የሚለውም ሕግ አለ፤ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ይህ ታላቅ ፖለቲካ ነው። ከአጥሩ ጎን ያለውን ቲማቲም ለሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ብትተዉለት በስብሰባው ቀን እጁን ያወጣላችኋል።

ሙያዬ አስተማሪነት ስለሆነ ስለ ልጆቹ ዝም ማለት አልችልም። በጡ ቢሽቫት ልጆቻችን ችግኝ ይተክላሉ፤ አሳዳጊዋ መምህርት «ሾሬሽ»፣ «ዓሌ»፣ «ጊቭዖል» እያለች ታስተምራለች። ልጁ ቤት ሲመጣ ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን በስማቸው የሚጠሩ አያት አሉት፤ አንድ ቀንም ክፍል ውስጥ አልተጠሩም። አያቱ ዕብራይስጥ አይችሉም ይባላል። ዶማ የጨበጠ ሰው ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል? ልጁ ያስተረጉማል፤ ሲያስተረጉም አማርኛውን ይይዛል፣ በክፍሉ ፊትም አንድ ጊዜ የአያቱ አዋቂነት ይታየዋል። በየማትናሱ የሚካሄደው የማንነት ትምህርት በስላይድ ከሚሰጠን ሁሉ ይህን አንድ ሰዓት እመርጣለሁ።

አይጥ ይመጣል የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። አይጥ የሚመጣው ወደ ፌስታል ክምሩ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከመደቡ በፊት ነበረ። ውበት ያበላሻል የሚሉም አሉ፤ መደቡን ቀጥ ባለ ጠርዝ ሥሩት፣ በዳሩ ሁለት ሦስት አበባ አድርጉ። ኩራታችሁን የሚነካ ከመሰላችሁ ቆጠራውን አስቡት፤ የምትፈልጉት የጎረቤት ድምፅ ነው። «ሕንፃው ፈርሶ በአዲስ ይሠራል፣ ለምን ትደክማላችሁ» የሚል ካለ፣ የፒኑዪ ቢኑዪ ውል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቁት። ጎመን በሁለት ወር ይደርሳል።

ስለዚህ ከፋሲካ በፊት በየሕንፃችን ይህን እናድርግ። የታቡውን ግልባጭ አውጡ። ለቫዓድ ባይቱ በዕብራይስጥ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ጠቅላላ ስብሰባ እንዲጠራ፣ መደቧ በስንት ሜትር በስንት እንደምትሆን፣ ውሃውን ማን እንደሚከፍል፣ ያለ ስብሰባ ውሳኔ መድኃኒት እንዳይረጭ። ቀኑን ጻፉበት፤ ግልባጩን ያዙ። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የልጅ ልጅ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አለ፤ አንድ ምሽት ይስጣቸው። ከስብሰባው በፊት ግቢውን ራሳችሁ ጥረጉት፤ ጎረቤቱም ይጠራና አብሮ ይጥረግ። ስማቸውን ያልጠራሁት እናት የጎመን ዘራቸው አልቋል፤ የተረፋችሁ ካላችሁ አንድ ጭብጥ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡኝ፣ እኔ አደርስላቸዋለሁ።